ቴፕህ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል

ይመሬ፣

እንደምን አለህ እንዳልልህ፣ ያለህበትን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። እኔ እንደምንም አለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ የቀበርንህ ማሽላው ሲያሸት ነበር፣ ይኸው ዘንድሮም እሸቱ ደርሷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ነው። እንደማይበርድ ሲገባኝ ግን፣ እንግዲያውስ እንደጋለ ይድረሰው ብዬ ተቀመጥኩ።

የተናደድኩት ስለሞትክ ብቻ አይደለም። እሱስ መቼ ይረሳል! በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንበህ እየተንቀጠቀጥክ፣ ድካም ነው እንጂ ወባ አይደለም ስትል፣ ዛሬ ይሻለኛል ነገ ይሻለኛል ስትል፣ ስንቱን በሽተኛ በባጃጅህ ሐኪም ቤት ያደረስክ ሰውዬ ራስህን ማድረስ አቅቶህ ቀረህ። ይሄን ባሰብኩት ቁጥር እበግናለሁ። የዛሬው ንዴቴ ግን ሌላ ነው። የዛሬው በቴፕህ ምክንያት ነው።

ከሥራ ስትገባ እጅህን ሳትታጠብ፣ እንዴት ዋልሽ ሳትለኝ፣ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነበር። ፍላሹን ትሰካለህ፣ የድምፁን ቁልፍ እስከሚሄድበት ታዞረዋለህ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ሰው ከሰው ጋር አይነጋገርም። ቀንሰው እልሃለሁ። ምን አልሽ ትለኛለህ። ቀንሰው! አልሰማሽም እኮ ትልና ጭራሽ ትጨምረዋለህ። የተጋባን ሰሞን የጀመርነው ጭቅጭቅ አልጋ እስከያዝክ ድረስ አላለቀም። ባጃጅህም ያው ነበረች፤ ከመታየቷ በፊት ትሰማለች። ገበያ ላይ ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ፣ ያውልሽ ባልሽ መጣ ይሉኝ ነበር ሴቶቹ፤ እኔ ደግሞ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደርጋለሁ። አሁን ባጃጇን የሚነዳት ከሮቢት የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ስፒከሮቹን ነቅሎ በቦታቸው የሽንኩርት ጆንያ ይጭንበታል። በአጠገቤ ስታልፍ እንኳ አላውቃትም።

አንድ ጊዜ ብቻ በራስህ ፈቃድ ስትቀንስ አይቼሃለሁ። ልጃችን ሐረግ ሕፃን ሆና እንቢ አልተኛም ያለች ጊዜ። ባጃጇ ላይ እኔን ከኋላ አስቀምጠህ፣ ልጅቷን አሳቅፈኸኝ፣ በዋጃ መንገድ ቀስ እያልክ ትነዳ ነበር። ቴፑን ጨርሶ ዘግተህ አንድ ዜማ በአፍንጫህ ታንጎራጉርላታለህ፤ መንገዱ ሳያልቅ ልጅቷ ትተኛለች። ይሄ ዜማ የማን ነው ብዬ ስጠይቅህ ኮራ ብለህ የራሴ ድርሰት ነው አልከኝ። አመንኩህ። ይሄን ልብ በልልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን እኔ ላይ የሆነውን ልንገርህ። አርባህ ካለፈ በኋላ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ትንሽ ስራመድ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጋደም ስል ደግሞ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ትራስ በትራስ ላይ ደርቤ ተደግፌ ነው የማሸልበው። ያየኝ ሁሉ ሐዘን ነው አለ። በዚህ አገር ባሏ የሞተባት ሴት እግሯ ቢያብጥ ሐዘን ነው፣ ጥርሷን ቢያማት ሐዘን ነው። ወልዲያ በግድ የወሰደችኝ ልጃችን ናት። ዶክተሩ ሲመረምረኝ ቆየና የልብ ድካም ነው፣ ሳይታወቅ የቆየ ደም ግፊት ያመጣው ነው አለኝ። ኪኒኑን ካቋረጥሽ፣ ጨው ካልተውሽ፣ ግፊትሽ ወርዶ ካላረፍሽ ልብሽ አይችልም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ሐረግ አጠገቤ ነበረች። ዶክተሩን አይደለም ያየችው፣ እኔን ነው። ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ናት ይመሬ። አባቷን በቀበረች በዓመቱ እናቷን ልትቀብር ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኪኒኔን ስቼ አላውቅም። ጨው የሌለውን ወጥ ግን እያንዳንዷን ጉርሻ በአንተ ላይ እያጉረመረምኩ ነው የምውጣት።

ክትትሌ እዚሁ ቆቦ ነው። ግፊቴን የምትለካኝ ሲስተር ረጋ ያለች፣ ሰው የምታዳምጥ ልጅ ናት። እንቅልፍ እንቢ እንዳለኝ፣ ልቤም ያለ ምክንያት እንደሚደልቅብኝ ስነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከሰዓት በኋላ ጋደም እያልሽ ረጋ ያለ ሙዚቃ አዳምጪ። መድኃኒቱን አይተካም፣ ኪኒኑን እንዳትተዪ፣ ነገር ግን ጭንቀት ያረግባል፣ እንቅልፍ ይጠራል፣ ለልብ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ጎን ያግዛል አለችኝ። ሳቄ መጣ። ያላመንኳት መስሏት በትዕግሥት ደግማ አስረዳችኝ። እኔ የሳቅሁት በአንተ ነው እንጂ በእሷ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ መድኃኒት ቤት ከፍተህ ኖረሃል ለካ! እኔ የምፈልግበት ሰዓት ሲደርስ ዘግተኸው ሄድክ።

ዘግተኸው ስልህ በእውነት ተዘግቷል። የሞትክ ዕለት፣ አስከሬንህ ከቤት ሳይወጣ፣ ታላቅ እህትህ እታልጋ ከሁሉ አስቀድማ ያደረገችው ቴፑን ከሶኬት መንቀል ነው። ገመዱን ጠቅልላ፣ የራሷን ነጠላ አልብሳ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣችው። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ በወንድሜ ቤት ዘፈን አይሰማም አለች። ወጉን አታጣውም፤ በለቅሶ ቤት ቴፕ አይከፈትም፣ ጎረቤት እንኳ ይቀንሳል። ሐዋ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ስንት ወር ቴሌቪዥኗን ድምፁን አጥፍታ ሥዕሉን ብቻ ስታይ ከረመች። በእነሱ ዘንድ ሐዘን እንዲህ አይረዝምም፣ ለእኔ ብላ ነው፤ አላህ ይስጣት። እኔም ብሆን ዓመቱ ሳይወጣ ዘፈን ከፈተች መባሉን አልችለውም። አንተን ማሳነስ ነው። እናም ሐኪሟ አዳምጪ ትለኛለች፣ ቴፕህ ቁም ሣጥኑ ላይ ነጠላውን ተከናንቦ እንደ ለቀስተኛ ያፈጥብኛል፣ እኔ በመሃል ልቤን ይዤ እቀመጣለሁ።

መላውን ያመጣችው ሐረግ ናት። ረጋ ረጋ ያሉትን ከፍላሽህ መርጣ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፣ ኤርፎንም ሰጠችኝ። በጥቁሩ ነጠላ ሥር ማን ያየዋል? ለጥቂት ቀን ሠራልኝ፣ አልዋሽህም። ኪኒኔን ውጬ፣ ትራሴን ደርቤ አዳምጣለሁ፤ ትከሻዬ ይላላል፣ ትንፋሼም ረዘም ይላል። ይሄኔ ነው ያጎትህ ሚስት ከዋጃ የመጡት።

ለቀብርህ አሟቸው ያልደረሱት እሳቸው ናቸው። ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ነው የሚጮኸው። ከአጥሩ በር ጀምረው፣ ወይኔ ይመር፣ ወይኔ መከታዬ እያሉ ገቡ አሉ። እኔ የት ሰምቼ! ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን ወዲህ ወዲያ እያልኩ በሰላም እተነፍሳለሁ። ሐዘን ያደነዘዘኝ መስሏቸው እግሬ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ደንግጬ ብድግ ስል የኤርፎኑ ገመድ ከስልኩ ተነቀለ። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። ያውም ረጋ ያለው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ልጅህ ሳታስበው ቀላቅላ የጫነችው ያ ሠርግ ላይ ከሙሽራው ቀድመህ የምትነሣበት ጭፈራ! ማጥፊያው ጠፋብኝ። ስነካካው ድምፁ ጭራሽ ጨመረ። ያጎትህ ሚስት ለቅሷቸውን በአፋቸው እንደያዙ ቀሩ። አንተ ብትኖር በሳቅ ትንከባለል ነበር። እሳቸው ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ።

ወሬው የዛኑ ቀን እታልጋ ዘንድ ደረሰ። መጣችና በሩ ላይ ቆማ፣ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ነው አለች። ሌላ አልጨመረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያበጠውን እግሬን አሳየኋት፣ ዶክተሩ ያለኝን፣ ሲስተሯ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት። ጎንበስ ብላ እግሬን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ፊቷ ፈካ አለና፣ ሐኪሟ ዜማ ስሚ ነው ያለችሽ? ዜማ ከሆነማ ዘፋኙን ምን አስፈለገሽ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል እናቴ አለችኝ።

እታልጋ ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች ለአንተ አይነገርም። ከሮቢት እስከ ዋጃ ሰው ሲሞት ሙሾ አውርጂልን ተብላ የምትጠራ ናት። ሙሾ ደግሞ በለቅሶ ቤት ይፈቀዳል። ዜማው ረጋ ያለ ነው፣ እኔም ጋደም ብያለሁ፣ ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእሷ ቤት የሐኪሟን ትእዛዝ አንድ ሳታጎድል ፈጽማለች። እግሬ ሥር ተቀምጣ ጀመረች።

ቆቦም ዝም አለች፣ አላማጣም ዝም፣
ይመር የሌለበት መንገዱም አይጥም።

አለቀልኝ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ። ሐዋ ደግሞ ማን ሞተ ብላ እየሮጠች መጣች፣ መጥታም አልቀረች፣ አብራ አለቀሰች። የሚያልፍ ሰው ሁሉ አዲስ ሬሳ ያለ መስሎት በአጥሩ ብቅ ይላል። በማግሥቱ እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሕክምናዬ ለቅሶ ሆነ። እንዳልከለክላት ደግሞ፣ የገዛ ወንድሟን ታለቅሳለች፣ የእኔንም ልብ ታክማለች፤ ከሁለቱ የቱን ተዪ ልበላት?

ለቀጠሮ ስሄድ ግፊቴ ጨምሯል። ሲስተሯ ግራ ገባት። ኪኒን አቋርጠሻል? የለም። ጨው በልተሻል? አልቀመስኩም። ሙዚቃውስ? እያዳመጥኩ ነው። ምን ዓይነት ነው? ምን ልበላት ይመሬ? የባህል ነው አልኳት። ጎሽ፣ የባህል ጥሩ ነው፣ ቀጥዪበት አለችኝ። እኔም ሄጄ ቀጠልኩ፣ እግሬም እንደገና ያብጥ ጀመር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እታልጋ ካልሄድኩ ብላ አብራኝ መጣች። ሲስተሯ ስትለካኝ ፊቷ ተለዋወጠ፤ በዚህ ከቀጠለ ተመልሰሽ ወልዲያ መተኛት ሊኖርብሽ ነው አለችኝ። እታልጋ ጣልቃ ገብታ፣ ኧረ እኔ በየቀኑ ዜማውን እያሰማኋት ነው አለች፣ ኮራ ብላ። ምን ዓይነት ዜማ፣ እናቴ? እታልጋ አላቅማማችም፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና አንድ ሁለት ስንኝ አወረደችላት። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሲስተሯ ዓይን እንባ ሞላ፣ ከዚያ እንደምንም ብላ፣ እናቴ፣ ይሄ እኮ ልቧን የሚያስጨንቅ ነው፣ የማያስለቅሳትን ነው ያልኩት አለቻት። እታልጋ ተቆጣች። ባሏ ሞቶባት የማያስለቅስ ምን አለና ነው? ሲስተሯ በአክብሮት፣ እንቅልፍ የሚወስዳትን ይሁን እናቴ ብላ መለሰችላት።

ስንመለስ የተሳፈርነው በአንተው ባጃጅ ነው። እታልጋ ስፒከርህ በነበረበት፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ ጎን ተቀምጣ ቤት እስክንደርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ወርዳም ደህና ዋዪ ሳትለኝ ሄደች። ከዚያ ቀረች። እንግዲህ አስበው፤ ቴፕህ ተዘግቷል፣ ኤርፎኑን ልጅቷ በሃፍረት ደብቃዋለች፣ እህትህ አኩርፋለች። እንቅልፍ እንደሆነ የለም። ያን ሰሞን ሰው እንዳያማኝ ስሜን ጠበቅሁ እንጂ ሰላሜን አልጠበቅሁም። የቀረኝ ኪኒኑና የሚደልቀው ልቤ ነው። ያን ጊዜ የምሬን ፈራሁ። ሐረግ ትምህርት ቤት ስትሄድ በር ላይ ቆማ ዞር ብላ ታየኛለች፤ ስመለስ አገኝሽ ይሆን ማለቷ ነው፣ አፏን ከፍታ አትለውም እንጂ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያ አቧራ የሚያነሣው ሞቃት ነፋስ ቤቱን እያንኳኳ፣ ትራሴን ደርቤ ትንፋሼን ስፈልግ እታልጋ ገባች። ሰላም አላለችኝም። ኪኒንሽን ውጠሻል አለችኝ፤ ውጫለሁ አልኳት። እግሬ ሥር ቁጭ አለችና ያበጠውን እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ታሸው ጀመር። ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም፣ ቤተሰባችሁ ሁሉ አያውቅበትም። ከዚያ አፏን ሳትከፍት ማንጎራጎር ጀመረች። ሙሾ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ተኮማተርኩ። አልነበረም። እሹሩሩ ነው። እናታችሁ ሞተው እሷ ገና ልጅ ሳለች አንተን በጀርባዋ አዝላ ስታባብልህ የነበረው። እሹሩሩ ይመሬ ትላለች፣ ስሙን እንኳ አልቀየረችውም። ሽበት ያወጣሁ ሴትዮ በአንተ ስም ታባብለኛለች!

ዜማውን አወቅሁት። በዋጃ መንገድ ለሐረግ ያንጎራጎርክላት እሱ ነው። የራሴ ድርሰት ነው ያልከኝ! ከእህትህ ጀርባ ላይ ሰርቀህ፣ ስንት ዓመት እንደ ደራሲ ተኮፍሰህብኝ ኖረሃል። አንተ ቀጣፊ፣ ምን ነበረበት የእታልጋ ነው ብትለኝ? ተነሥቼ ይሄንኑ ለእታልጋ ልነግራት አሰብኩ። አፌን ልከፍት ስል ዓይኔ ተከደነ።

ስነቃ ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ወርዳለች። እታልጋም እግሬን እንዳቀፈች፣ አንገቷ ወደ ጎን ወድቆ ተኝታለች። ዓመቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስታለቅስ የከረመች ሴት እሷም እንቅልፍ እንዳልነበራት ያን ጊዜ ገባኝ። ሐረግ ከትምህርት ቤት ገብታ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንን ታያለች። እንዳትቀሰቅሳት በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

አሁን በየቀኑ ትመጣለች። ኪኒኑን ስውጥ ሳታይ አፏን አትከፍትም። ግፊቴ ወረድ ብሏል፣ እግሬም ጫማ ገብቶለታል። ሲስተሯ ዋናው ኪኒኑ ነው፣ ጨው መተውሽም ነው፣ ዜማው አገዘሽ ትላለች። እታልጋ ግን ኪኒኑን እንደ አጃቢ ነው የምትቆጥረው። ይሁንላት። የምናደድባት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ እሹሩሩ ይመሬ ነው የምትለኝ። በእኔ ስም በዪው ብላት፣ ጥሩወርቅ ለዜማው ይረዝማል አለችኝ።

ሙት ዓመትህ ደርሷል። ቄሶቹ ጸልየው፣ ሰዉም በልቶ ሲመርቅ ነጠላውን በእጄ አነሣዋለሁ ብላለች እታልጋ፣ ራሷ ናት ያለችው። ቴፑን አልነካሁትም። አቧራውን ስጠርግ እንኳ የድምፁ ቁልፍ አንተ ካቆምክበት እንዳይዞር እጠነቀቃለሁ። ሐኪሟ ያለችኝ ዝቅ ያለ ነው፣ እኔም ለሐረግ መኖር አለብኝ፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ዘፈን በእኔ ልክ ነው የሚከፈተው፤ ወደድክም ጠላህም።

የመጀመሪያው ግን ያንተ ነው። ያን ጭፈራህን ባቆምክበት ድምፅ እከፍተዋለሁ፤ ሐዋ ትስማ፣ መንገደኛው ይስማ፣ ዋጃ ያሉት ያጎትህ ሚስትም ይስሙ። ልቤ እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ በዚሁ ቀን እንዲሁ አደርጋለሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ ጓዳ እገባና፣ ቀንሰው! ብዬ እጮኻለሁ። ትንሽ እጠብቅሃለሁ። ዝም ካልክ፣ መጥቼ ራሴ እቀንሰዋለሁ።

ጥሩወርቅ